«አምስተኛው»፦ በስፎርዛዎች ወርቅ ላይ የተዘለለው ጽሑፍ

ስለ ሚላኖ መሳፍንት፣ ስለ ስፎርዛዎች የወርቅ ሳንቲም የሚጻፈው ሁሉ ከአፍንጫ ይጀምራል። የመስፍኑ የጋሌያትሶ ማሪያ አፍንጫ ጎበጥ ማለቱ፣ የአንገቱ ውፍረት፣ የጸጉሩ አወራረድ ይወደሳል፤ ቀጥሎ «ሰው በገዛ መልኩ የታየበት ዘመን» ይባልና ነገሩ ያበቃል። ቀራጩ ባለሙያ እንደነበር አልክድም። 3.5 ግራም ገደማ በምትመዝን ወርቅ ላይ ሕያው ፊት ማሳረፍ ቀላል አይደለም። ግን ፊቱን ስናደንቅ ዙሪያውን የከበቡትን ፊደላት ዘለልናቸው፤ የሚላኖ መሳፍንት ዋናውን ሙግት የተሟገቱት በእነዚያ ፊደላት ነው። ጠገራ ብር አገላብጦ የማሪያ ቴሬዛን ዕንቁ አንድ በአንድ ይቆጥር የነበረው የአገራችን ነጋዴ በዚህ ረገድ ከብዙ ሐያሲ ይሻላል። (ያ ብር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚላኖ ውስጥም ይቀረጽ ነበር።)

የሚላኖ የመስፍንነት ማዕረግ ከመነሻው በገንዘብ የተገኘ ነው፤ በ1395 እ.ኤ.አ. ጃን ጋሌያትሶ ቪስኮንቲ 100,000 ፍሎሪን ከፍሎበታል። የቪስኮንቲዎች ወንድ ዘር በ1447 ሲቋረጥ ከተማዋ ሪፐብሊክ ሆነች። በ1450 የመጨረሻውን መስፍን ልጅ ያገባው የጦር አለቃ ፍራንቼስኮ ስፎርዛ በረሃብ አስጨንቆ ገባባት። ንጉሠ ነገሥቱ ፍሬድሪክ 3ኛ ሹመቱን አላጸደቀለትም። ፍሎረንስ በፍሎሪኗ ላይ መጥምቁ ዮሐንስን፣ ቬኒስ በዱካቷ ላይ በቅዱስ ማርቆስ ፊት የተንበረከከ ዶጄ (የከተማዋን መሪ) በሚያስቀርጹበት ዘመን፣ ፍራንቼስኮ በወርቁ ላይ የራሱን መልክ አኖረ። ማኅተም የነፈጉት ሰው ፊቱን ማኅተም አደረገ።

ልጁ ጋሌያትሶ ማሪያ ከዚህ አልፎ ሄደ። በመልኩ ዙሪያ፣ በላቲን ምኅጻረ ቃል፣ «ጋሌያትሶ ማሪያ ስፎርዛ ቪስኮንቲ፣ የሚላኖ መስፍን፣ አምስተኛው» ይላል። «አምስተኛው» የምትለዋ በሦስት ፊደል ታጥራለች። እስቲ እንቁጠር፦ ሦስት ቪስኮንቲዎች፣ አራተኛ አባቱ፣ አምስተኛ እሱ። የሪፐብሊኩ ሦስት ዓመት የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ያላወቀው አባት በተራው ተሰልፏል፤ የእናት ወገን ስም የሆነው ቪስኮንቲም ከአባት ስም ጋር ተሰፍቷል። አንድ ሙሉ የዘር ሐረግ በሦስት ፊደል ሲታደስ፣ በካታሎጎች ግን «ስምና ማዕረግ» ተብሎ ይታለፋል።

ጋሌያትሶ በ1476 በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ። ወራሹ ጃን ጋሌያትሶ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ቦና ሞግዚት ሆና ባስቀረጸችው የብር ሳንቲም ላይ ሻሽ ለብሳ ትታያለች፤ ቁጥሩም ቀጥሏል፣ ስድስተኛ። በጀርባው በእሳት መካከል የቆመች የፊኒክስ ወፍ አለች፤ ጽሑፉ ብቻዋን እንደቀረችና እግዚአብሔርን ብቻ እንደምትከተል ይናገራል። የወርቁን ሁሉ ግርማ ለዚህች አንዲት ብር እለውጠዋለሁ፤ በዚያ ቤት ፍርሃቱን ሳይደብቅ ያስቀረጸ ከእሷ ሌላ አላገኘሁም።

በ1480 የጋሌያትሶ ወንድም ሎዶቪኮ ቦናን ገለል አደረጋት። ከዚያ በኋላ በሁለት ዱካቱ ወርቅ ፊት ላይ የወንድሙ ልጅ፣ በጀርባው እሱ ራሱ ሆኑ፤ የእሱ ጽሑፍ «አጎት ሎዶቪኮ፣ አስተዳዳሪ» ይላል። የላቲኑ ቃል ከእኛ «አጎት» ይጠብባል፦ የአባት ወንድም ብቻ ማለት ነው። እናቲቱ በአንድ ቃል ከዝምድናው ወጣች።

ጃን ጋሌያትሶ በ1494 በፓቪያ፣ በ25 ዓመቱ ሞተ። ሎዶቪኮም የቦናን ልጅ ፊት አንሥቶ የራሱን ብቻ በመስፍንነት አስቀረጸ። ከስፎርዛዎች ፊት ሁሉ ይበልጥ የሚወደሰው የእሱ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አሳፋሪው ሳንቲም እለዋለሁ። ቁጥሩ ከዙሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል። «ሰባተኛው» ቢል ስድስተኛውን ያስታውስበት ነበር፤ የስድስተኛው ወንድ ልጅ ደግሞ በሕይወት ነበረ፣ ዕድሜው ሦስት ዓመት።