የአልኒክ መዘውሮች፦ ዕድሜንና ጥገናን ስለ መለየት

መቶ ዓመት ያለፈው የዓሣ ማጥመጃ መዘውር ትናንት ከቶርኖ የወረደ መስሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሊደነቅ ሳይሆን ሊጠረጠር ይገባዋል። አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀትና በማወልወያ ወዙን ገፎታል፤ ዕድሜውን የሚናገሩት ምልክቶችም አብረው ተገፈዋል። የመዘውር ዘመን የሚታወቀው አካላቱ እርስ በርስ ሲስማሙ ነው። ጎበዝ ጠጋኝ ይህን ስምምነት ሳይነካ ዕቃውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

በሰው ሠራሽ ዝንብ ትራውትና ሳልሞን የሚያጠምድ ሰው ክሩን የሚወረውረው በዘንጉ ኃይል ነው። መዘውሩ ክሩን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ዓሣው ሲሮጥ ደግሞ እየከበደ ይለቅለታል። (ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውትም በዚሁ ስልት ይጠመዳል።) የመዘውሩ ሥራ ቀላል በመሆኑ የሠሪው ድክመት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ለዚህ ሙያ መለኪያ ሆነው የቆዩት በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ፣ አልኒክ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠሩት ናቸው። ዊሊያም ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1872 እዚያ የጠመንጃ ሱቅ ከፈተ፤ ወንድሙ ጆን ጄምስም ብዙ ሳይቆይ ተቀላቀለው። በ1891 ለገበያ ያቀረቡት «ፐርፌክት» የተባለው መዘውር ከበሮው በኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ትንንሾቹ የብረት ኳሶች በከበሮውና በጀርባው መካከል ስለሚንከባለሉ፣ በደንብ የተያዘ ፐርፌክት ዛሬም በአንድ ጣት ግፊት ይሽከረከራል።

ዕድሜ ለመገመት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የተመታበትን ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ግን ያሳስታል። ቻርልስ ኦርቪስ በአሜሪካ፣ በቬርሞንቷ ማንቸስተር ባሠራው ቀዳዳ የበዛበት መዘውር ላይ ሜይ 12፣ 1874 የሚል ቀን አለ። ይህ ፓተንቱ የተሰጠበት ቀን እንጂ መዘውሩ የተሠራበት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተሠሩትም ይህንኑ ቀን ይዘዋል። ማርትሬዛ ብር 1780 እንደተጻፈበት ከመቶ ዓመት በላይ መመታቱን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይታለልም። አልኒኮች ደግሞ የተሠራበትን ዓመት መዘውሩ ላይ የመጻፍ ልማድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፈትቶ ውስጡን ማየት ግድ ነው።

ውስጡ ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው ፍሬኑ ነው፤ ክር ሲጎተት ጠቅ ጠቅ የሚለው፣ ከምላስና ከሞላ የተሠራው ክፍል። ሃርዲዎች ይህን ክፍል ደጋግመው ለውጠውታል። ሰብሳቢዎች «የ1896ቱ»፣ «የ1912ቱ» እያሉ በዓመት ይጠሩታል። ቀጥሎ «ማርክ ሁለት» መጣ፤ ይህ ስም የተመታበት መዘውር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ወዲህ የተሠራ ነው። ከውጭም ምስክሮች አሉ። መጀመሪያ ሁለመናው ናስ የሆነ ነበር፤ ቀጥሎ ፊቱ ብቻ ናስ የሆነ፤ ኋላ ናሱ ከፊቱም ቀረ። ዘንጉ ላይ የሚታሰረው እግር በፐርፌክቱ ላይ ለረጅም ዘመን ናስ ነበር፤ አሉሚኒየም እግር የኋለኛ ዘመን ምልክት ነው። በ1911 በወጣው «ሴንት ጆርጅ» ላይ ደግሞ የከበሮውን መቆለፊያ ማየት ነው፦ በሦስት ብሎን የታሰረው ከባለ ሁለቱ ይቀድማል።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አያዋጣም። ፊቱ ናስ፣ እጀታው የዝሆን ጥርስ፣ ሲከፈት ግን ፍሬኑ ማርክ ሁለት ከሆነ ምናልባት የሁለት መዘውሮች አካል ተገጣጥሟል። ለማጥመድ ምንም አይልም፤ እንደ አንድ ጥንታዊ ዕቃ ሊሸጥ ሲቀርብ ግን ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዝሆን ጥርስ ካነሳን፣ እሱን የሚመስል ጥንታዊ ፕላስቲክም አለ። በማጉያ መነጽር የእጀታው ጫፍ ሲታይ እውነተኛው እርስ በርስ የሚቆራረጡ ስስ መስመሮች አሉት፤ ፕላስቲኩ የላቸውም። ይህን መለየት ለሻጭም ይጠቅማል። ብሪታንያ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ መዘውር የሚሸጠው ከ1947 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ጥርሱ ከዕቃው መጠን ከ10 በመቶ በታች ከሆነና ከተመዘገበ ነው።

ጥገናውን ለመመዘን ከብሎኖቹ መጀመር ይሻላል። ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ የተከፈተ ብሎን አናቱ ይቆሳቆላል፤ ማንም ሰው ሊደብቀው አይችልም። የብሎኖቹ አናት የተላላጠበትን ዕቃ የነካ እጅ ውስጡንም እንደዚያው ነክቶታል ብሎ ማሰብ አግባብ ነው። ቀጥሎ እግሩ፦ የቀድሞ ባለቤቶች ከዘንጋቸው ጋር እንዲገጥም ጫፉን በሞረድ ያሳጥሩት ነበር፤ ይህ የማይመለስ ጉዳት ነው። ከዚያ መዘውሩን ቀስ እያሉ ማዞር፣ በፊቱና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ማየት። ክፍተቱ አንድ ቦታ ላይ ከጠበበና እዚያው ላይ የሚፋተግ ድምፅ ካለ መዘውሩ ወድቆ ጠርዙ ተጎድቷል። የተጣመመ ጠርዝ በመዶሻ ሲቃና አይቻለሁ፤ ከተሳካው የተሰበረው ይበልጣል። ክሩ የሚወጣበት የአጌት ድንጋይ ካለም በጥፍር ሲዳሰስ ስንጥቁ ይታወቃል፤ የተሰነጠቀ አጌት ክር ይበላል።

ብርቅርቅታን መጠርጠር ይገባል ብያለሁ፤ አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ ቀለም ሳይቀቡ የወጡ መዘውሮች አሉ፤ ሰብሳቢዎች በተዋጊው አውሮፕላን ስም «ስፒትፋየር» ይሏቸዋል። እነዚህ ከመጀመሪያውም ራቁታቸውን ናቸው። በኋላ ከተወለወለው የሚለዩት በጠርዞቻቸውና በፊደሎቻቸው ነው፦ ሳይነካ የቆየው ጠርዙ ስል፣ ምቱ ጥልቅ ሲሆን፣ የተወለወለው ግን ፊደሉ ሳስቶ ማዕዘኑ ዶልዱሟል።

ጥሩ ጥገና ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ኳሶቹ ተበትነው እንዳይጠፉ ጨርቅ በተነጠፈበት ሳህን ላይ ይከፈታል፤ የደረቀው የድሮ ግራሶ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይለቀቃል፤ ቀጭን ዘይት በስሱ ይነካና ይዘጋል። ናስና አሉሚኒየም በጨው ውኃ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ ባሕር ያየ መዘውር መጋጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት ካለ በእንጨት ስንጥር መጥረግ እንጂ በብረት መፋቅ አይገባም። የተሰበረ ሞላ ይቀየር፤ ያለ ሞላ መዘውር መዘውር አይደለም። የተሸራረፈ ግራጫ ቀለምን አራግፎ አዲስ ጥቁር መርጨት ግን ጥፋት ነው፤ አለባብሶ መሸጥም ይባላል። በጨረታ መግለጫዎች ላይ የመጀመሪያው ቀለም ምን ያህል እንደቀረ የሚጻፈው በከንቱ አይደለም።

ጠጋኙ የተቀየረውን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሮ፣ የወጣውን አሮጌ ሞላ ወይም ብሎን በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከመዘውሩ ጋር ማስረከብ አለበት። ከረጢቱ ከሌለ ምን እንደተቀየረ ጠይቆ፣ መልሱን ፍሬኑ ላይ አይቶ ማረጋገጥ የገዢው ፋንታ ነው።