የሰንጢ ማኅተም፦ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

ጥንታዊ ሰንጢ የሚሰበስብ ሰው ስለቱን ሲዘረጋ ዓይኑ የሚያርፈው ከጫፉ ይልቅ ሥሩ ላይ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት በዚያች ጠባብ ብረት ላይ የሠሪው ስም፣ የከተማው ስም ወይም አንድ ምልክት ታትሞ ይገኛል። ብዙዎች ማኅተሙን ካነበቡ በኋላ የሰንጢው ማንነትና ዕድሜ እንደታወቀ ቆጥረው ምርመራውን ይዘጋሉ። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ምርመራው ከማኅተሙ ይጀምራል እንጂ በእርሱ አያበቃም የሚል ነው።

የእንግሊዟ ሼፊልድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የሃላምሻየር ስለት ሠሪዎች ማኅበር በፓርላማ ሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1624 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማኅበሩ ለሠሪዎች ምልክት እየሰጠ ይመዘግብ ነበር። የተመዘገበ ምልክት ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ይወረሳል፣ ይሸጣል። «አይ ኤክስ ኤል» የተባለው ስመ ጥር ምልክት ፊደላቱ በእንግሊዝኛ ሲነበቡ «እበልጣለሁ» የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። ዛሬ የጆርጅ ዎስተንሆልም ድርጅት መለያ ሆኖ ቢታወቅም፣ በ1787 የተመዘገበው በሌላ ሠሪ ስም ነበር፤ ዎስተንሆልም እጅ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ምልክቱን ማወቅና ባለቤቱን ማወቅ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ችግር ከአገር ስም ጋር ይያያዛል። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወደዚያ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበት አገር ስም እንዲጻፍባቸው አስገደደ። ሰብሳቢዎችም «‹ኢንግላንድ› የሚል ከሌለበት ከ1891 በፊት የተሠራ ነው» የሚል ደንብ አበጁ። ደንቡ ምቹ ቢሆንም አመክንዮው ሽንቁር አለው። ሕጉ የሚመለከተው ወደ አሜሪካ የሚላከውን ዕቃ ብቻ ነበርና፣ ለሌላ ገበያ የተሠራ ሰንጢ ከዚያ በኋላም ያለ አገር ስም ሊወጣ ይችላል። የአገር ስም መኖሩ አንድ ነገር ይጠቁማል፤ አለመኖሩ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው ሐሰተኛ ማኅተም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን የተሠሩ ስለቶች የሼፊልድ ስም ታትሞባቸው ይሸጡ ነበር። ብሪታንያ በ1887 ያወጣችው የንግድ ምልክቶች ሕግ ይህን ለመግታት የታሰበ ሲሆን፣ «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ የተስፋፋው በእርሱ ምክንያት ነው። ገዢን ለማስጠንቀቅ የታሰበው ጽሑፍ ውሎ አድሮ የጥራት መመኪያ ሆነ። የማኅተም ትርጉም ከዘመን ጋር እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

ዕድሜውን በግልጽ የሚናገር ማኅተምም አለ። የአሜሪካው ኬዝ ድርጅት በ1970 ከስሙ ሥር አሥር ነጥቦች አተመ፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ አንድ ነጥብ እየቀነሰ በ1979 አንድ ብቻ አስቀረ። ነጥብ መቁጠር የቻለ ሰው የስለቱን ዓመት ያውቃል። የስለቱን እንጂ የሰንጢውን አላልኩም፤ ስለት ከአንዱ እጀታ ተነቅሎ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላልና።

ለዚህ ነው መላው ሰንጢ መመርመር ያለበት። በመሳል ብዛት የሳሳ ስለት ምንም ባልተነካ እጀታ ላይ ተገጥሞ ከተገኘ ጥርጣሬ ይገባል። እጀታውን የያዙት ሚስማሮች አዲስ ከመሰሉ ሰንጢው ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። ስለቱ የማይዝግ ብረት ከሆነ፣ ሃሪ ብሪርሊ ያንን ብረት በሼፊልድ የሠራው በ1913 ነውና፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢመስል የቪክቶሪያ ዘመን ስለት ሊሆን አይችልም። ማኅተሙና ብረቱ ሲጣሉ መታመን ያለበት ብረቱ ነው።

ከሐሰተኛ ማኅተም የከፋው ጥፋት ግን በሰብሳቢው እጅ የሚፈጸመው ነው። ሰንጢውን አዲስ ለማስመሰል በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው ከዝገቱ ጋር ፊደላቱንም ይፍቃል፤ የተፋቀ ማኅተም ደግሞ አይመለስም። ጥቂት ዘይት፣ ለስላሳ ጨርቅና ከጎን የሚወድቅ ብርሃን ለማንበብ ይበቃሉ። አሮጌ ሰንጢ እጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ አንብቡት፤ ሳታነቡት አትወልውሉት።