ሦስት ወርቅና አንድ አራተኛ ደረጃ

የሮለር ሆኪ የዓለም ዋንጫ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን በአንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ዓመት፣ አዘጋጅ ከተማ፣ አሸናፊ አገር። በቃ። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ባለ አራት ጎማ ጫማ ያደረጉ ተጫዋቾች በረኛውን ጨምሮ አምስት ለአምስት ሆነው ቆልማማ ዱላ ይዘው ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይመታሉ። የገና ጨዋታን በጎማ ላይ አስቡት።

ሰንጠረዡን ከላይ እንጀምር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 1936፣ ሽቱትጋርት፣ እንግሊዝ። 1947፣ ሊዝበን፣ ፖርቱጋል። ወረድ ስንል 1958 ፖርቶ፣ 1960 ማድሪድ፣ 1962 ሳንቲያጎ ይመጣሉ። አሸናፊዋ ሦስቱንም ጊዜ ፖርቱጋል ናት።

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ እንጀራዬን የምበላው ከዳታቤዝ ጋር እየታገልኩ ነው። ሥራው ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። በሰንጠረዥ ውስጥ ያለው መረጃ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰንጠረዡ ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱም ዋናው ውሳኔ የተወሰነው ገና ዓምዶቹ ሲመረጡ ነው። «አገር» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ካለ፣ የሁለት ቦታ ሰው የሚመዘገብበት የለም።

ፈርናንዶ አድሪያኦ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። የእነዚያ ዓመታት የፖርቱጋል ቡድን ኮከብ ሆኪ የተማረው በሎሬንሶ ማርኬሽ፣ በዛሬዋ ማፑቶ ነው። የቡድን ጓደኛው ፍራንሲስኮ ቬላስኮም ከዚያው ነው የመጣው። ሞዛምቢክ ያኔ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ስለነበረች ወርቁ በሊዝበን ስም ተጻፈ። ነገሩ በእግር ኳስም አዲስ አይደለም፤ ዩሴቢዮም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው፤ በ1966 የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ጎል ያገባው ግን የፖርቱጋልን ማሊያ ለብሶ ነው።

ታዲያ «ፖርቱጋል» የሚለውን ሰርዘን «ሞዛምቢክ» ብንልስ? አፍሪካዊ አንባቢን ደስ የሚያሰኘው አነባበብ ይሄ ነው። እኔን ግን አያሳምነኝም። የቅኝ ግዛት ዘመኑ የሎሬንሶ ማርኬሽ ሆኪ በአብዛኛው የሰፋሪዎች ጨዋታ ነበር። ጫማውም ክለቡም ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ እኩል አልተከፈተም። ዋንጫዎቹን ዛሬ ተነስተን ለሞዛምቢክ ብንሰጥ፣ ያኔ እንዲጫወት ያልተፈቀደለትን ልጅ ሳናስበው የድሉ ባለቤት አድርገን እንቆጥረዋለን። በደሉም በዚያው ይሸፈናል።

በ1975 ነፃነት መጣ፤ አብዛኞቹ ሰፋሪዎች አገሩን ለቀው ሄዱ። ሆኪውም አብሯቸው ቢሄድ ማን ይገረም ነበር? ግን ቀረ። በ2011 አርጀንቲና፣ ሳን ሁዋን ላይ ሞዛምቢክ በገዛ ባንዲራዋ ተጫውታ ከዓለም አራተኛ ወጣች። ሦስተኛዋ ማን ነበረች? ፖርቱጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዋንጫው ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጣ፤ አንጎላ በሉዋንዳና በናሚቤ አዘጋጀችው።

የአሸናፊዎች ሰንጠረዥ አራተኛ ለወጣ ቦታ የለውም። የእኔ ቅሬታም እዚህ ጋ ነው። የብሔራዊ ቡድንን ታሪክ በወርቅ ብቻ ከቆጠርን፣ የሞዛምቢክ ታሪክ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ በውሰት ዋንጫ ይሞላል። እኔ ብጽፈው «አሸናፊ» ከሚለው ዓምድ በፊት «ማን መጫወት ይችል ነበር» የሚል ዓምድ እጨምራለሁ። ያኔ የ1958፣ የ1960 እና የ1962 ረድፎች ከነጥያቄያቸው ይነበባሉ። የ2011ዱ አራተኛ ደረጃም ከሦስቱ ወርቆች እኩል፣ ምናልባትም በላይ፣ ይመዝናል።