«ሁለንተናዊ» ወይስ «የወል»? በአንድ የሪሞት መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ሰሞኑን እጃችን የገባው ጽሑፍ ስምንት ገጽ ያለው አነስተኛ የአጠቃቀም መመሪያ ነው። የሚያስረዳውም ቴሌቪዥንን፣ የሳተላይት ሪሲቨርንና የድምፅ ማጉያን በአንድ ሪሞት ስለ ማዘዝ ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ማን እንደ መለሰው አይገልጽም። እንዲህ ያለውን ወረቀት በዚህ መጽሔት መገምገም ለአንዳንድ አንባብያን ከቁም ነገር የራቀ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ሙያዊ ቃል በየቤቱ የሚፈተነው በእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ላይ ነው፤ ቃሉ ከተሳሳተ ዕቃው አይሠራምና። መመሪያውን የሰጠናቸው አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልፎቹን ሲጫኑ ቆይተው፣ ሪሞቱ የተበላሸ ነው በማለት ወደ ሣጥኑ መልሰውታል። ሪሞቱ ግን ደኅና ነበር።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከርእሱ ነው። ትርጉሙ ዕቃውን «ሁለንተናዊ የርቀት መቆጣጠሪያ» ብሎ ይሰይመዋል። «ሁለንተና» የአንድን ነገር ምሉዕ አካል ያመለክታል፤ «ሁለንተናዊ ዕድገት» ስንልም ምንም ዘርፍ ያልቀረበት ዕድገት ማለታችን ነው። ስለሆነም ይህን ስያሜ ያነበበ ሰው ዕቃው ማናቸውንም መሣሪያ ያለ አንዳች ዝግጅት ያዝዛል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

የዕቃው ጠባይ ግን ከዚህ የራቀ ነው። አብዛኛው ሪሞት የሚናገረው በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ምት ሲሆን፣ የምቱ አደራደር እንደየአምራቹ ይለያያል። ኤንኢሲ የሚባለው ሥርዓት በ38 ኪሎኸርዝ 32 ቢት ይልካል፤ አርሲ-5 የተባለው የፊሊፕስ ሥርዓት በ36 ኪሎኸርዝ 14 ቢት ብቻ ይልካል፤ ከእነዚህም አምስቱ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ስድስቱ ትእዛዙን ያመለክታሉ። ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ የማይደማመጡ ቋንቋዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዜኒት ያወጣው «ስፔስ ኮማንድ» ያለ ባትሪ፣ በአሉሚኒየም ዘንጎች ድምፅ የዚያኑ ኩባንያ ቴሌቪዥን ብቻ ያዝዝ ነበር። ዕቃው ሲበዛ ሪሞቱም አብሮ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1987 ስቲቭ ዎዝኒያክ ለገበያ ያቀረበው «ኮር» ደግሞ ከሌሎች ሪሞቶች ምልክታቸውን እየተማረ በስማቸው የሚናገር ነበር። በእንግሊዝኛው ስያሜ ውስጥ ያለው ግነት የነጋዴ ግነት ነው፤ ዕቃው በቃሉ የያዛቸውን ቋንቋዎች ብቻ የሚናገር፣ የትኛውን መናገር እንዳለበትም በኮድ የሚነገረው አስተርጓሚ ነው። በብሉቱዝ የሚታዘዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ የኢንፍራሬዱን ምት ጨርሶ አይሰሙትም።

በእኛ አስተያየት ተስማሚው ስያሜ «የወል ሪሞት» ነው። ሰዋስው የተጸውኦ ስምንና የወል ስምን ለይቶ አስተምሮናል፤ ገበሬውም የወል መሬትን ያውቃል። የወል መሬት ለመንደሩ ሰው ሁሉ ነው፤ ላለፈ ላገደመው ግን አይደለም። ይህም ሪሞት በኮዱ ሠንጠረዥ ለተመዘገቡት የጋራ፣ ላልተመዘገቡት ባዕድ ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን «የግል ሪሞት» ብንለው ጥንዱ ይሟላል።

«መቆጣጠሪያ» በሚለው ላይ ያለን ቅሬታ ጥልቅ ነው፤ መፍትሔ ግን አላገኘንለትም። ተቆጣጠረ ከቈጠረ የወጣ እንደ መሆኑ፣ የታዘዘው መፈጸሙን መመርመርንም ያካትታል። የኢንፍራሬድ ሪሞት ግን ይልካል እንጂ መልስ አይቀበልም። መመሪያው በአንድ ቁልፍ ሦስቱንም መሣሪያዎች «ይቆጣጠራል» ይላል፤ ሪሲቨሩ ምልክቱን ሳያይ ቢቀር ሪሞቱ በምን ያውቃል? ሁለተኛ ሲጫኑት ደግሞ የበሩት ይጠፋሉ፣ የጠፋው ይበራል። «ማዘዣ» ለተግባሩ የቀረበ ነበር፤ ነገር ግን ሐኪሙና ፍርድ ቤቱ ቀድመው ወስደውታል። ሕዝቡ «ሪሞት» ብሎ፣ «ሪሞቱ» «ሪሞቶች» እያለ አርብቶታል። እንግሊዝኛ ቅጽል የነበረው በአማርኛ ስም ሆኗል። እኛም ይህን ማፍረስ አንሻም።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። «መሣሪያውን ወደ ቴሌቪዥኑ ያነጣጥሩ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በጥይት እንዲመቱት የሚያዝ ይመስላል፤ ሰው ሪሞትን ያዞራል እንጂ አያነጣጥርም። «ኃይልን ይጫኑ» የተባለው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። አንባቢው በአንድ ገጽ «ተጫን»፣ በሌላው «ይጫኑ» መባሉ ደግሞ ክብሩን በየገጹ የሚለዋውጥ ነው። ድምፅ የሚያጠፋው ቁልፍ «ድምፀ ከል» ተብሏል፤ ይህ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይም የተለመደ ነው። ፈጣሪዎቹ ከግእዙ ከልአ፣ ማለትም ከለከለ፣ እንደ ተነሡ ይገባናል። ነገር ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ከል የኀዘን ልብስ ስለሆነ፣ ቃሉ የኀዘንተኛ ድምፅ ሆኖ ይሰማዋል። «ምናሌ» ከ«ምን አለ» በመውጣቱ ማንም ሳይተረጎምለት ተረድቶታል፤ «ድምፀ ከል» ግን አስተርጓሚ ይሻል። «ድምፅ ማጥፊያ» ምን ጎደለው?

ጎረቤታችን የተሰናከሉበትን፣ በትርጉሙ በአንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር የታጨቀውን የኮድ አንቀጽ ለማነጻጸሪያ እንዲህ መልሰነዋል።

«ይህ የወል ሪሞት ኮድ ሳይሰጠው አይሠራም። አስቀድመው ቴሌቪዥኑን በእጅዎ ያብሩ። ትንሿ መብራት እስክትበራ ድረስ ‹ሴት› የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ። ‹ቲቪ› የሚለውን አንድ ጊዜ ይጫኑ። በሠንጠረዡ ከቴሌቪዥንዎ ስም ትይዩ ከተጻፉት ኮዶች የመጀመሪያውን ያስገቡ፤ መብራቷ ትጠፋለች። ሪሞቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ማብሪያ ማጥፊያውን ይጫኑ። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ኮዱ የእርስዎ ነው፤ ካልጠፋ ቀጥሎ ያለውን ይሞክሩ።»