ለምን ብሎ የሚጠይቅ ረዳት

ጋራዥ ውስጥ አስተማሪ የሚባል ሰው የለም። የሚሠራ ሰው አለ፤ አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ልጅ አለ። ሳሪስ አቦ አካባቢ በመካኒክነት ከምንተዳደረው አብዛኞቻችን ሙያውን ያገኘነው በዚሁ መንገድ ነው። ልጁ እንደመጣ የሚሰጠው ናፍጣ ያለበት ቆርቆሮና ብሩሽ ነው፤ የወረደ ዕቃ ያጥባል። እያጠበ እጁ ዕቃውን ይለምዳል፤ የቱ ጥርስ እንደተበላ፣ የቱ ኩሽኔታ እንደላላ ሳይነገረው ይገባዋል። ቀጥሎ ቁልፍ ማቀበል ነው። ማስተሩ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ይዘረጋል እንጂ ቁጥር አይጠራም። ቶዮታ ከሆነ 10፣ 12፣ 14 ነው፤ 13 ካቀበልክ ቁልፉ ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ወደ አንተ ይመለሳል። ቮልስ ከሆነ ደግሞ ያው የተጠላው 13 ይፈለጋል።

«ለምን?» ብሎ መጠየቅ ግን አልነበረም። የሚጠይቅ ረዳት ወይ ሰነፍ ነው ወይ ደፋር። መልሱም «ዓይን የለህም?» ነው። ዋናው ነገር ላይ ሲደረስ፣ ለምሳሌ ካርቡራተር በሚስተካከልበት ሰዓት፣ «ሂድ ሻይ እዘዝልኝ» ትባላለህ። ሻዩን ይዘህ ስትመለስ ሞተሩ ለስልሶ እየሠራ፣ ማስተሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ታገኘዋለህ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እዚያ ቤት ልብ መደበቂያ ነበር። የድሮዎቹን ክፉዎች ናቸው ብዬ አልከስም። ጡረታ የሌለው ሰው ያለው ሀብት የሚያውቀው ብቻ ነው። ያንን ያወቀ ረዳት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ከመንገዱ ማዶ አራት ቆርቆሮ ዘርግቶ የራሱን ጋራዥ ይከፍትበታል።

አካባቢያችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በደብረ ዘይት መንገድ ከጅቡቲ ዕቃ ጭነው ወደ ቃሊቲ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ሌሊትና ቀን አይቋረጡም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር መሐሉን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ባሌስትራ የሚያስሩ፣ ጎማ የሚለጥፉ፣ ላሜራ የሚቀጠቅጡ፣ ራዲያተር የሚበይዱ ሁሉ እዚሁ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ወር በገባ በ5 ግን ተዉት፤ የአቦ ዕለት ነው። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ሲሆንማ መኪና ማስገባትም ማስወጣትም የማይታሰብ ነው።

ከእኔ በላይ ያለው ትውልድ ሙያውን የተማረው በእጦት ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ አልነበረም፤ መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ የተሰበረ ነገር ይበየዳል፣ የተበላው ቶርኖ ቤት ሄዶ እንደገና ይቀረጻል፣ ሌላው ከሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና ላይ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ያን ፊያት ኤንትሬ የሚሉትን የጭነት መኪና ስንት ዘመን በእጃቸው እያኖሩ አቆይተውታል። ጆሯቸው ደግሞ ሌላ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ይወስዱና ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሯቸው ሥር አጥንቱ ላይ ያሳርፋሉ። ትንሽ ያደምጣሉ። «ዲናሞው ደህና ነው፤ የውኃ ፓምፑ ነው» ይላሉ፤ ሲፈታም የውኃ ፓምፑ ነው።

አሁን አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ ከእነዚያ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከእሳቸው ጎን የሚሠራው ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ ነው፤ ስልኩ ውስጥ የአብዛኛው መኪና መመሪያ መጽሐፍ አለ። አንድ ቀን ኮሮላ ገባ፤ ባለቤቱ ጉልበት አነሰው አለ። ልጁ ካንዴላዎቹን ፈታ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያውን በየቀዳዳው እየሰካ ሞቶሪኖውን አስመታ። አራቱም ሲሊንደር 140 ፒኤስአይ አካባቢ አነበበ። መጽሐፉ የሚለው 180 ነው። ልጁ ፈረደ፤ ቀለበቶቹ አልቀዋል፣ ሞተሩ ይውረድ።

ጋሼ ቀና ሳይሉ «አራቱም እኩል ናቸው?» አሉት።

«እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።»

«እንግዲያው አትንካው።»

«ለምን ጋሼ? በ40 ያንሳል እኮ።»

«እዚህ አገር እንዲህ ነው።»

እኔ በልጅነቴ ይህችን መልስ ባገኝ አመስግኜ ዝም ነበር የምለው። ጋሼም በዚህ ጨርሰው ነበር፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መኪናው የአየር ማጣሪያው ተቀይሮ፣ የተያያዘው የኋላ ፍሬን ተላቆ ሄደ፤ ሞተሩ አልተነካም። ልጁ ግን አልረካም። በማግስቱ ደብተር ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አገሩ አይደለም፤ ከፍታው ነው» አላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ፒስቶኑ የሚስበው አየር ከመነሻው የሳሳ ስለሆነ ሲጨመቅም መጽሐፉ የሚለውን አይሰጥም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ የታመመ ይመስላል። መታየት ያለበት አራቱ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው።

ጋሼ ደብተሩን ብዙ አላዩትም። «ታዲያ አዳማ ላይ ቢለካስ?» አሉት።

«ከፍ ይላል። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ነው።»

«ጅቡቲስ?»

«እዚያማ መጽሐፉ ያለውን ያገኛሉ።»

ከዚህ በኋላ የሰማሁትን ከጋሼ ጋር ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰምቼው አላውቅም። በካርቡራተር ጊዜ ቤንዚን መኪና ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ ደንበኛ ሲመጣ ነዳጁን ትንሽ ከፈት ያደርጉለት እንደነበር፣ ሲመለስ ደግሞ መልሰው ይዘጉት እንደነበር፣ እንዲህ ያላስደረገ ሾፌር መንገድ ላይ ሞተሩ ሲግል እንደሚቆም አወሩ። ነገሩን የሚያውቁት ከጥንት ነው። ምክንያቱን ግን ራሳቸውም ሲነገራቸው አልሰሙም፤ ሲያስተካክሉት እንዲያይ የተፈቀደለትም ሰው አልነበረም።

እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ያልተነገረ ዕውቀት ከተገኘበት ሰፈር አይወጣም። «እዚህ አገር እንዲህ ነው» የምትለውን ብቻ ይዞ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ለሥራ የሚሄድ ልጅ እዚያ 140 ቢያነብ «ደህና ነው» ብሎ ያለቀ ሞተር ያሳልፋል። መጽሐፉን ብቻ የያዘው ደግሞ እዚህ ሳሪስ ደህናውን ሞተር ያወርዳል። ጋሼ ትክክል ነበሩ፤ ልጁ ባይጠይቃቸው ግን ትክክለኛነታቸው ከእሳቸው ጋር ያልፍ ነበር።

ወጣቶቹን ብቻ እያሞገስኩ እንዳይመስል። መመርመሪያ ማሽን ይዘው የሚወጡት ልጆች አንድ አመል አላቸው፤ ኮዱ ያለውን ዕቃ ወዲያው መቀየር። ማሽኑ ፒ0301 ብሎ ሲጽፍ አንደኛው ሲሊንደር እየተኮሰ አይደለም ማለቱ ነው፤ ለምን እንደማይተኩስ አልተናገረም። ካንዴላ ሊሆን ይችላል፣ ኮይል ሊሆን ይችላል፣ ኖዝል ወይም የተቃጠለ ቫልቭም ይሆናል። ልጁ ግን ሁሉንም በየተራ ያስገዛል፤ ደንበኛው ይከፍላል። ጋሼ ማሽኑን መንካት አይወዱም፤ መላው ግን የእሳቸው ነው። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው አቀያይር፣ ከዚያ ማሽንህን ጠይቀው ይላሉ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ኮይሉ ነው፤ ካልዞረ ሌላ ፈልግ። አንድ ሳንቲም አይወጣበትም።

እስከዚህ ድረስ ሽማግሌው ሰጪ፣ ልጁ ተቀባይ ነው፤ ቢበዛ ልጁ ይጠይቃል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ሲያስታውቁ ነገሩ ተገለባበጠ። ቢዋይዲውም ቮልስዋገኑም ቶዮታውም ኤሌክትሪክ ሆኖ ከቻይና ይገባ ጀመር። ብዙዎቹ ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው፤ ልጆቹ የስልካቸውን ካሜራ ደግነው ያነቡታል። ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሚታ የለም፣ የሞተር ዘይት የለም። ያለው ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ባትሪና ብርቱካናማ ገመድ ነው። ያንን ገመድ በለመደ እጅ የሚነካ ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው መከባበራችን የሚፈተነው። እኛ ጋ በኤሌክትሪክ መኪና የሠለጠነችው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። የመጀመሪያው መኪና ሲገባ ጋሼ እንደልማዳቸው ጎንበስ ብለው ሊያዩ ቀረቡ። አንገታቸው ላይ በማተብ ያሰሩት የብረት መስቀል ተንጠለጠለ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መስቀሉን ያውልቁት።»

ግቢው ጸጥ አለ። አንዱ «ማንን ነው መስቀል አውልቅ የምትይው?» አላት። እሷ ግን ለእሱ አልመለሰችም። «ማተቡ ይቆይ፤ እሱ ክር ነው። መስቀሉ ግን ብረት ስለሆነ ጎንበስ ሲሉ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ይገድልዎታል። ሰዓትዎንም።» ጋሼ አዩዋት። ከዚያ መስቀሉን ፈትተው ተሳለሙት፣ ከሰዓታቸው ጋር መሳቢያ ውስጥ አኖሩትና «በይ ቀጥይ» አሏት። በሳምንቱ የእንጨት መስቀል አስረው መጡ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ የእሷ ነው። ባለ 1,000 ቮልቱን የጎማ ጓንት ከማጥለቋ በፊት ከአፉ በኩል ትጠቀልለዋለች፤ ውስጡ የታፈነው አየር ጣቶቹን ይነፋቸዋል፤ ጉንጯ ላይ አስጠግታ የሚተነፍስ ቀዳዳ እንዳለ ታያለች። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለች ጓንቱ ይጣላል። ከዚያ ዋናውን ማቋረጫ ትነቅላለች፣ ሁላችንንም ወደኋላ ትመልሳለች፣ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ትጠብቃለች፤ የተከማቸው ኃይል ወዲያው አይጠፋም። በመለኪያ ዜሮ መሆኑን እስክታረጋግጥ «አይንኩ» ካለች ማንም አይነካም። ጋሼም ጭምር፤ በተለይ ጋሼ። አንቱታውና ትእዛዙ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያወቅነው ከእሷ ነው።

ጋሼ ሥራ ፈቱ ማለት ግን አይደለም። የባትሪው ክብደት ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ በመቶዎች ኪሎ ይቆጠራል፤ መንገዳችንን ታውቁታላችሁ፤ የእግሩ ዕቃ ይጎዳል። ሞተሩም ድምፅ የለውም። ድሮ በሞተር ጩኸት ይሸፈን የነበረው የኩሽኔታ እህታ፣ የጆይንት ኳኳታ አሁን ደንበኛው ራሱ ይሰማዋል፤ ከየትኛው ጎማ እንደመጣ መለየት ግን አይችልም። ጋሼ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አንድ ዙር ወደ ቃሊቲ ደርሰው ሲመለሱ ይለያሉ። ልጅቷ አሁን አጠገባቸው እየተቀመጠች ጆሮዋን ታሠለጥናለች፤ «እንዴት አወቁ?» ትላቸዋለች። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል፣ ያኔ ድምፁ ከበረታ የቀኙ ነው ይሏታል። ይህን በቃል ሲያስረዱ መስማት ለእኔ አዲስ ነው። «ሂጂ ሻይ አምጪ» አላሏትም።

ኮሌጆቹ ሠልጣኞቻቸውን ለትብብር ሥልጠና ወደ ጋራዥ ይልካሉ። ወረቀቱ ላይ ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር ነው ይላል፤ ተግባሩ የሚገኘው እኛ ጋ መሆኑ ነው። ብዙ ቦታ ልጁ መጥቶ የሚያገኘው ባልዲና ጨርቅ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ይመታለትና ይሄዳል። የብቃት ምዘናውን በቃል ጥናት አልፎ መኪና ሥር ሲገባ የት እንደሚጀምር አያውቅም።

ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ጋራዥ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። የሚላክላችሁን ልጅ አንድ መኪና ከመግቢያው እስከ መውጫው አስከትሉት፤ ሲጠይቅ መልሱለት፤ ምሳውን ቻሉለት። ሽማግሌዎች ካሏችሁ የሚያውቁትን ሲሠሩ አብሮ የሚጽፍ ልጅ ስጧቸው። ኤሌክትሪክ መኪና ለመቀበል ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጓንቱን ግዙ፤ ጓንት ሳይኖር የገባውን መኪና መልሱት።