የአባት ጠመንጃ ወራሾች

ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጠመንጃ የተጻፈው ጥናት ጥቂት አይደለም። በተለይ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት መሣሪያው ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተሸጠና የጦርነትን መልክ እንዴት እንደለወጠ በትጋት ዘግበውልናል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር የተማረከው ረሚንግተን፣ ከዐድዋ በፊት በብዛት የገባው የፈረንሳይ ውጅግራ፣ ኋላም ምንሽሩ፣ ሁሉም በንግድና በጦርነት ታሪክ ውስጥ ቦታቸውን አግኝተዋል። ጠመንጃው ቤት ገብቶ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን ጥናቱ ይተወዋል። ልጅ ከአባቱ የአደን ጠመንጃ ሲወርስ የሚወርሰው ምኑን ነው?

ውጅግራን እንውሰድ። በ1874 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ጦር የተሠራ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጎራሽ ነው። ጎሽ ፊት ቆሞ የሳተ አዳኝ ሁለተኛውን ጥይት እስኪያጎርስ አውሬው ላይጠብቀው ይችላል። ጥይቱ ራሱ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ስለነበር፣ በከንቱ የተተኮሰ ጥይት ከኪስ የወጣ ሀብት ነበር። የአዳኞች ወግ የት ቦታ፣ በስንተኛው ጥይት፣ ማን ቀድሞ ደም አፈሰሰ እያለ ዝርዝሩን የሚያጠብቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የግዳዩ ባለቤትነት፣ ዝሆን ገዳይ በጆሮው ያንጠለጥለው የነበረው ጌጥ፣ አንበሳ ገዳይ ይደፋው የነበረው ጎፈር፣ ሁሉም አዳኙ በሚሰጠው ቃል ላይ የቆመ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጠመንጃ በቅርብ የመረመረ ሰው ሰደፉ ጉንጭ ሲያርፍበት ኖሮ እንደለሰለሰ፣ እንጨቱ ከእጅ ወዝ እንደጠቆረ፣ የተሰነጠቀው ቦታም በጠፍር ተጠፍሮ እንደተያዘ ያያል። እነዚህ ምልክቶች ጠመንጃው ብዙ እንዳገለገለ ይመሰክራሉ። ማን እንዳነገተውና ምን እንደጣለበት ግን አይናገሩም፤ ያንን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ይህ የሚነገርበት ዋናው ቦታ ለቅሶ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር የስመ ጥር ሰው ለቅሶ ሲወጣ ጠመንጃውና ዝናሩ፣ ጋሻውና ልብሱ፣ ካለም ፈረሱ፣ ለቀስተኛው ፊት ይቀርባሉ። ወንዶቹ ይፎክራሉ፤ ሟቹን ከጠመንጃው ጋር እያነሣች፣ ግዳዩንና የወረደበትን በረሃ በስም እየጠራች ለቀስተኛውን የምታስለቅሰው ግን በአብዛኛው ሙሾ አውራጇ ናት። ልጁ ኋላ «የአባቴ ጠመንጃ» ሲል የሚደግመው እናቱ፣ እኅቱና አክስቱ በዚያች ቀን ያጸኑትን ቃል ነው።

ልማዱ ግን ይህን አያውቅላቸውም። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት እንዳጠኑት፣ በርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷ በኩል መሬት መጠየቅ ትችል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ልጆች ሁሉ እኩል እንዲወርሱ ደንግጓል። ጠመንጃው ግን ለወንድ ልጅ፣ ብዙ ጊዜም ለታላቁ ይሄዳል። ዋጋው ተገምቶ ለእኅቶች ድርሻቸው ቢሰጥ እንኳ፣ ለዕቃው ክብሩን የሰጠ ቃላቸው ከስሌቱ ውጭ ይቀራል። እኔ ይህን እንደ ግፍ እቆጥረዋለሁ።

የሚወረሰው ቃል ራሱም ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ፉከራው አውሬ የገደለንና ሰው የገደለን በአንድ ትንፋሽ ያነሣል። ዝሆን የሚታደንባቸው የደቡብና የምዕራብ አገሮች ጠመንጃ ያነገበው ሹም ገባሩን የሚያስገብርባቸው አገሮችም ነበሩ፤ በአንዱ ቤት መኩሪያ የሆነው ዕቃ በሌላው ቤት ቁስል ሆኖ ይታወሳል። ስለ ወረሰው ጠመንጃ የሚጽፍ ሰው ይህንንም መጻፍ አለበት።

መንግሥትና ባለ ጠመንጃው ሳይግባቡ የኖሩትም በከፊል ጠመንጃው ከዕቃነት በላይ የአባት ማስታወሻ ስለሆነ ነው። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እንዳሳዩት፣ የ1960ው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ዋና መነሻ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ቢሆንም፣ ቀደም ብሎ የመጣው የጠመንጃ ምዝገባም ቅሬታውን አባብሶት ነበር። ሹሙ የሚመዘግበው ዓይነቱንና ቁጥሩን ነው፤ ገበሬው ይዞ የቀረበው ግን አባቱ የተለቀሰበትን ዕቃ ነው። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚይዝ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ አደንም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የአባት ማስታወሻ መሆኑ ማንንም ከሕጉ ነፃ ሊያወጣ አይገባም።

ሙዚየሞቻችንና የባህል አጥኚዎቻችን ግን ከመዝጋቢው ሹም የተሻለ መጠየቅ ይችላሉ። አንድ የቤተሰብ ጠመንጃ ሲቀርብላችሁ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሟቹን ሴቶች ልጆች ፈልጉ። በለቅሶው ዕለት የተባለውን አሁንም የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።