የተሰበረ የልጅ ጥርስ፦ ጥሩ ጥገና በምን ይታወቃል?

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ብስክሌት የማይነዳ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ልጅ በግንባሩ ሲደፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የላይኛው የፊት ጥርስ ነው። ያ ጥርስ ሰባትና ስምንት ዓመት ላይ የበቀለ፣ ሥሩ ገና ያልጠና ነው። ስለዚህ ጥገናው ሲመዘን ከውበቱ በፊት ሕይወቱ ይታያል።

ጥሩ ሐኪም ሥራውን የሚጀምረው በጥያቄ ነው፦ ልጁ መቼ ወደቀ? ስባሪው ተገኘ? ካልተገኘና ከንፈሩ ከተሰነጠቀ ከንፈሩን ይዳብሳል፣ ራጅ ያነሳል፤ ስባሪው እዚያው ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። በውሃ ወይም በወተት ተነክሮ የመጣ ስባሪ ከገጠመ መልሶ ይለጠፋል። ከራሱ ከጥርሱ የሚስተካከል መጠገኛ የለም።

ከስብራቱ መሀል ቀይ ነጥብ ከታየ ነርቩ ተገልጧል ማለት ነው። የባለሙያው ችሎታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጥርሱ ሥር እስኪዘጋ ከበቀለ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ነርቩ ቀድሞ ከወጣ ሥሩ ስስና ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። በስቶክሆልም የሠራው ሐኪም ሚዮሚር ስቬክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት ከተገለጠው ነርቭ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ አንስቶ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሸፈነው። ከ60 የፊት ጥርሶች 96 በመቶው ዳኑ። ስለዚህ ለሕፃን ልጅ ነርቩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ቀጥሎ ቀለሙ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋል፤ በዚህ የተነሳ የብዙ ልጆች ጥርስ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ጥላ አለው። ከእነዚህ ጥርሶች መሀል ወረቀት የመሰለ ንጣት ያለው ሙሌት ጎልቶ ይታያል፤ ጥሩ ሥራ ግን ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ይመሳሰላል። የደረቀ ጥርስ ከተፈጥሮው ይልቅ ስለሚነጣ ሐኪሙ ቀለሙን የሚመርጠው ጥርሱ በምራቅ እንደረጠበ ነው። እርስዎም በዕለቱ አይፍረዱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ልጁን መስኮት አጠገብ አቁመው ይዩት። ጥፍርዎን በመገጣጠሚያው ላይ ሲያንሸራትቱ ሊያደናቅፈው አይገባም። ልጁ ሲነክስም የተጠገነው ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ መምታት የለበትም።

በመጨረሻ ሐኪሙ "ጨርሰናል፣ በቃ" ካለዎት ይጠራጠሩ። ጥርስ ሳያምም፣ ድምፁን አጥፍቶ ሊሞት ይችላል። ጥሩ ሐኪም ከሳምንታት፣ ከወራት፣ ከዓመት በኋላም ይቀጥራል። ልጁ ምንም አላመመኝም ቢል እንኳ ቀጠሮውን አይዝለሉ። የጥገናው ትክክለኛ ምስክር ከዓመት በኋላ በሚነሳው ራጅ ላይ ረዝሞና ወፍሮ የሚታየው ሥር ነው።